የጫልቱ ሰላጣና የእኔ ጉበት

ሕመሜን ለመጻፍ ስድስት ዓመት የዘገየሁት ረስቼው አይደለም፤ አፍሬ ነው። የታመመ ሰው ምን ያሳፍረዋል የሚል ካለ እስከ መጨረሻው ታግሶኝ ይፍረድ። ሐኪም ያዳነኝን ክፍል ለጠየቀኝ ሁሉ ስተርክ ኖሬአለሁ። የቀረውን ግን ለንስሐ አባቴ እንኳ በግማሽ ነው የተናገርኩት።

አቃቂ ተወልጄ አቃቂ ያረጀሁ ሰው ነኝ። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ እኔ ደግሞ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ንብረት ክፍል ሃያ ስምንት ዓመት ሠርቼ ጡረታ ወጣሁ። የእጅ ጽሑፌ ያምራል። ጉራ እንዳይመስልብኝ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣብኝ በእርሱ በኩል ስለሆነ ነው ያነሳሁት። ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ ወረዳው የወንዝ ዳር ጽዳትና ልማት ኮሚቴ ሲያቋቁም "ጋሽ ታደሰ ጸሐፊ ይሁኑልን" አሉኝ፤ ሆንኩ።

ወንዛችንን የሚያውቅ ያውቀዋል። ፋብሪካዎቹ በዕለቱ ምን ቀለም እንደነከሩ ከድልድዩ ላይ ቆሞ መናገር ይቻል ነበር፤ አንዳንድ ቀን ሰማያዊ፣ አንዳንድ ቀን ቀይ። ነፋሱ ከቆዳ ፋብሪካዎቹ በኩል ሲመጣ ሰው ምሳውን መስኮት ዘግቶ ይበላል። እኔም በየስብሰባው እየተነሳሁ ፋብሪካዎቹን አወግዝ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ጓንት አድርገን ፌስታልና የውሃ ጠርሙስ እንለቅማለን፣ ችግኝ እንተክላለን፣ እኔ የመጣውንና የቀረውን ሰው ስም እመዘግባለሁ። የቀረውን በተለይ አልምርም ነበር።

አሁን ወደ አሳፋሪው ነገር ልግባ። ቤታችን ከወንዙ አፋፍ ላይ ነው። የሽንት ቤታችን ጉድጓድ ከሥሩ ቱቦ አለው፤ ቱቦው ቁልቁል ወርዶ ወንዙ ውስጥ ይገባል። አፉን በእንጨትና በማዳበሪያ ከረጢት ወትፈነዋል። ክረምት ገብቶ ዝናቡ ዶፍ ሲሆን ጃንጥላ ይዤ ወጣ እልና ውታፉን እነቅላለሁ፤ ጎርፉ ጠራርጎ ይወስደዋል። እኔ ብቻም አልነበርኩም፤ የአፋፉ ሰፈር ሰው ሁሉ ልማዱ ነው። መጣጭ መኪና ለማግኘት ተመዝግበን ወራት እንጠብቃለን፤ ሲመጣም መምጠጫው እኛ ጋ ድረስ አይደርስም። ሰበቡ እውነት ነው። ቢሆንም ከሰኞ እስከ ዓርብ ቱቦዬን ወንዙ ላይ ደቅኜ ቅዳሜ ፌስታል የምለቅም ሰው ነበርኩ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእኔ ነው።

በዚያ ዓመት የካቲት ላይ የባለቤቴ የአስካለ እናት አረፉ። ለቅሶው እኛ ቤት ሆነ። ድንኳን ተጥሎ ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ሲወጣና ሲገባ ከረመ፣ ጉድጓዱም ሞላ። በሦስተኛው ቀን ሊነጋጋ ሲል አስካለ በጆሮዬ "ኧረ አንድ ነገር አድርግ፣ እንግዳ ፊት ልንዋረድ ነው" አለችኝ። ዝናብ የለም፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ወረድኩና ውታፉን ነቀልኩት። ተመልሼ እጄን ታጥቤ ድንኳኑ ውስጥ ከሰው ጋር ተቀመጥኩ።

ጾሙ ወዲያው ገባ። በጾም ጊዜ ከማዕዳችን ሰላጣ አይጠፋም፤ የምንገዛውም ከጫልቱ ነበር። ጫልቱ ከእኛ ቤት ዝቅ ብሎ ባለው የወንዝ ዳር ማሳ ሰላጣ፣ ቆስጣና ካሮት የምታለማ ሴት ናት። ዛሬ መጋዘን የቆመበት የዙሪያው ሜዳ ሁሉ ዱሮ የባሏ ቤተሰብ እርሻ ነበር፤ የቀረቻቸው ያቺ የወንዝ ዳር ቁራጭ ነበረች። ጠዋት ጠዋት በራችን ላይ ጎንበስ ብላ "እሜቴ አስካለ፣ ዛሬ ለጋ አምጥቻለሁ" ስትል እንሰማታለን።

ጾሙ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ድካም ጀመረኝ። ምግብ አስጠላኝ፣ ማታ ማታ ያልበኛል፣ አንሶላው ይረጥባል። ሰፈር ክሊኒክ ሄድኩ። ደም ወሰዱና "ታይፎይድም ታይፈስም አለብዎት" አሉኝ። በእኛ አገር ክሊኒክ ገብቶ ታይፎይድ የለብህም የተባለ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። የሰጡኝን ጨረስኩ፤ ለውጥ የለም። ሌላው ክሊኒክ ጨጓራ ነው ብሎ በብልቃጥ ነጭ ሽሮፕ ሰጠኝ። ቀጥሎ የቀኝ ትከሻዬን ያመኝ ጀመር። ወጌሻ ተጠርቶ በቅቤ ሲያሸኝ አመሸ፤ ትከሻዬ ምንም አልነበረበትም። በኋላ ሐኪሟ እንደነገረችኝ ጉበት ሲታመም ሕመሙ ትከሻ ላይ ይሰማል። ይህን አንባቢ ይያዝልኝ፦ ከቀኝ ጎድን አጥንት በታች ሲወጋህ፣ ሲያተኩስህና ትከሻህንም ሲያምህ ወጌሻ አትጥራ።

ሦስተኛው ቦታ የሳንባ ምች ነው ተባልኩ። መርፌ በመርፌ ሆንኩ። አስካለ ጸበል ወሰደችኝ፤ ሦስት ቀን ተጠመቅሁ። ዓይኔ ቢጫ ሲመስል ጎረቤት "የወፍ በሽታ ነው" አለ፤ ሌላው ደግሞ ጠጪ ነበር ብሎ አማኝ። አረቄ በአፌ ዞሮ አያውቅም። ሰውነቴ አልቆ ቀበቶዬን በምስማር እየበሳሁ ነበር የምታጠቀው። አስካለም ደከመች፤ በትንሹም በትልቁም እጮህባታለሁ። ሌሊት ስትነቃ ዝም ብላ እየተነፈስኩ መሆኑን ታዳምጥ ነበር። የተኛሁ እመስልላት ነበር።

በመጨረሻ አንድ ጎረቤት አልትራሳውንድ ይነሳ ብሎ መከረን። ያነሳኝ ሰውዬ ሆዴን ቀብቶ ሲያሻሽ ቆየ። ወረቀት ጽፎ በፖስታ አሽጎ "ትልቅ ሆስፒታል ነገ ዛሬ ሳትሉ ሂዱ" አለን። በር ላይ ፖስታውን ቀደድነው። እንግሊዝኛው ብዙ አልገባኝም፤ ጉበት የሚለውንና ትልቅ የሚለውን ለየሁ። አስካለ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ሁለታችንም ካንሰር ብለን አሰብን፤ ሁለታችንም ቃሉን አልጠራነውም።

በማግስቱ ከቃሊቲ ታክሲ ይዘን ስንሄድ መንገዱ ለባቡሩ ሐዲድ ተቆፋፍሮ አቧራ በአቧራ ነበር። ታክሲው በነጠረ ቁጥር ጎኔን በእጄ ደግፌ እይዛለሁ። ሆስፒታል ካርድ ለማውጣት ሰልፉ ግቢውን ዞሮ ወጥቷል። ውስጥ ገብተን ደግሞ ኮሪደሩ ላይ ጠበቅን፤ አግዳሚው ሞልቷል፣ ግድግዳ ተደግፎ የቆመው ከተቀመጠው ይበዛል። ከማረሚያ ቤት የመጣ አንድ እስረኛ እጁ ከፖሊሱ እጅ ጋር በካቴና ታስሮ ተቀምጦ ነበር። ስወዛወዝ አየኝና ፖሊሱን ነካ አድርጎ ሁለቱም አብረው ተነሱ፤ "አባባ ይቀመጡ" አለኝ። ከዚያ በኋላ ሦስት ሰዓት ሙሉ ቆመው ጠበቁ። ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም፤ አሁን ድረስ ይቆጨኛል።

ያየችኝ ሐኪም የልጄ እኩያ ናት። ወረቀቱን አነበበች፣ ራሷም ደግማ አነሳችኝና "አባባ፣ ካንሰር አይደለም። ጉበትዎ ውስጥ መግል ተቋጥሯል" አለችኝ። አስካለ እዚያው ወለሉ ላይ ተንበረከከች። ሐኪሟ ረጋ ብላ አስረዳችን፤ አሜባ የሚባለው ሆድ የሚያውከው ነገር አንዳንዴ ከአንጀት አልፎ በደም ወደ ጉበት ይሄዳል፣ እዚያም ይቋጥራል፤ ቢፈነዳ ይገድላል፣ በጊዜ ከተቀዳና መድኃኒቱ በደንብ ከተወሰደ ግን ይድናል። በማግስቱ በወፍራም መርፌ ቀዱልኝ። የወጣው የተቃጠለ ሽሮ የመሰለ ነገር ነበር። ትንሽ ቱቦ ጎኔ ላይ ተውልኝ፤ ቀሪው በእርሱ ይወርድ ነበር።

ሐኪሟ ስትመጣ ጥያቄ አበዛች። "የሚጠጡት ውሃ ከየት ነው?"

"የቧንቧ" አልኳት።

"ሽንት ቤትስ አላችሁ?"

"አለን፤ ንጹሕ ነው።"

አስካለ አየችኝ። እኔ ኮርኒሱን አየሁ።

"ጥሬ አትክልት ይበላሉ?"

"ሰላጣ እንበላለን" አለች አስካለ። "ከወንዝ ዳር ከሚያለሙት ነው የምንገዛው።"

"ፋብሪካው ነው" አልኩ ቶሎ ብዬ። "ቆዳ ፋብሪካው ወንዙን ጨርሶታል።"

ሐኪሟ ፈገግ አለች። "ፋብሪካው ሌላ መርዝ ያመጣ ይሆናል አባባ፤ አሜባ ግን ከሰው ዓይነ ምድር እንጂ ከፋብሪካ አይመጣም። ሽንት ቤቱን ወንዝ ላይ የለቀቀ ሰው አለ ማለት ነው።"

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል። ያኔውኑ አውቄዋለሁ። ማወቄን ግን ለራሴ አልነገርኩትም። ሲያፍር የሚቆጣ ሰው አለ፤ እኔ ከእነርሱ ነኝ። ከሰዓት በኋላ አስካለን ወረቀትና እስክሪብቶ አስመጣኋት። በሃያ ስምንት ዓመት ሥራዬ ያን ያህል አሳምሬ የጻፍኩት ደብዳቤ የለም። ለወረዳው፣ በኮሚቴው ጸሐፊ ስም፦ አንዳንድ ግለሰቦች በተበከለ የወንዝ ውሃ አትክልት እያለሙ የኅብረተሰቡን ጤና አደጋ ላይ እየጣሉ መሆኑን፣ ለዚህም እኔ ራሴ በሞትና በሕይወት መካከል የምገኝ ሕያው ምስክር መሆኔን፣ በተለይም ወይዘሮ ጫልቱ የምትባለዋ ላይ አስቸኳይ እርምጃ እንዲወሰድ። የኮሚቴው ሊቀ መንበር ሊጠይቀኝ ሲመጣ ሰጠሁት። "ታመውም ሥራ አይለቁም" ብሎ አደነቀኝ።

መጣጭ መኪና ስንጠይቀው ወራት የሚፈጅበት ወረዳ ለዚህ ደብዳቤ አንድ ሳምንት አልፈጀበትም። ለካ መሬቱን ለወንዝ ዳር አረንጓዴ ልማት ይፈልገው ኖሯል፤ የጎደለው ምክንያት ነበር። አትክልቱን ነቅለው፣ በቆርቆሮ አጥረው፣ ችግኝ ተከሉበት። ይህን የሰማሁት ሆስፒታል ሆኜ ነው፤ ደግ አደረጉ አልኩ።

ፋሲካን እዚያው ዋልኩ። ትኩሳቱ ጠፋ፣ ምግብ ማሽተት ጀመርኩ፣ ቱቦው ከጎኔ ወጣ። ሐኪሟ ስታሰናብተኝ አንጀት ውስጥ የቀረውን የሚያጠፋ ሌላ መድኃኒት ጨምራ ሰጠችኝና "ስለተሻለዎት አያቋርጡት" አለች። አላቋረጥኩትም። ሰውነቴ በዚያ በኩል ዳነ።

ቤት በገባሁ በሦስተኛው ቀን ጫልቱ ልትጠይቀኝ መጣች። ብርቱካን በፌስታል ይዛለች። አልጋዬ አጠገብ ባለው ዱካ ላይ ተቀመጠች።

"ጋሼ፣ ተርፈው አየሁዎት፤ ተመስገን ነው" አለች።

"ተመስገን። አንቺስ ደህና ነሽ?"

"እኔማ መሬቱን ወሰዱብኝ። አንድ ሰው ጽፎብሻል አሉኝ፤ ማን እንደሆነ አልነገሩኝም። እርስዎ ኮሚቴ ነዎት፣ ጽሑፍም ያውቃሉ። ማመልከቻ ይጻፉልኝ ብዬ ነው።"

ውሃ ጠጣሁ።

"ሕመምዎ ከሰላጣው ነው ይላሉ" ብላ ቀጠለች። "እውነት ሳይሆን አይቀርም። ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ። እኛ ክረምት ዝናብ ከጣለ ሁለት ሦስት ቀን ውሃ አንስብም። ከላይ ያሉት ቤቶች እንደሚለቁ እናውቃለን። ወንዙ እስኪያልፍለት እንጠብቃለን።"

"ማን ማን እንደሚለቅ ታውቃላችሁ?"

"ኧረ እናውቃለን። ቱቦውን በየቀኑ እያየነው? የእርስዎም አለ።" የግቢዬ በር አረንጓዴ መሆኑን የምትነግረኝ ያህል ቀለል አድርጋ ነው ያለችው።

"ታዲያ ለምን ዝም አላችሁ?"

"ምን እንበል? ጎረቤት ናችሁ። የትስ ትደፉታላችሁ? ሰው ማሳፈርም ደስ አይልም። የካቲት ላይ ግን ዝናብ አልነበረም፤ እንደሚለቀቅ በምን እናውቃለን? ጠዋት ሞተሩን አስነስተን አጠጣን። በኋላ ሽታው መጣ፤ ወጥተን ስናይ ከእርስዎ በኩል ነው። ለቅሶ ላይ ናቸው፣ ሰው በዝቶባቸው ነው አልን። ለቅሶውንም እኔ ደርሼ ነበር። የዚያን ሰሞኑን ሰላጣ ነቅዬ መጣል ነበረብኝ። ጾም ገባ፣ ገበያው ደራ፤ ሳሳሁለት። በደንብ ካጠብኩት ምን ይሆናል ብዬ ሸጥኩልዎ። እኛም በላነው፤ እኔንም ሳምንት ሙሉ ሆዴን አሞኝ ነበር።"

ማመልከቻውን ጻፍኩላት። ያንን ደብዳቤ በጻፍኩበት እስክሪብቶ "ያለ አግባብ የተነጠቅሁት ይዞታ ይመለስልኝ ዘንድ" ብዬ ጻፍኩላት። በሁለት እጇ ተቀብላ መረቀችኝ፤ "እድሜ ይስጥልኝ" ብላ ወጣች። ጽፎብሻል የተባለው ሰው እኔ ነኝ ማለት ሁለት ቃል ነበር፤ አልወጣኝም።

ከዚያ ወዲያ አገገምኩ ሊባል አይችልም። እበላለሁ፣ እሄዳለሁ፣ ሰው "ወፈሩ" ይለኛል። ቱቦውን በሲሚንቶ ደፈንኩት። ጉድጓዱንም በሰው አስጠርጌ የወጣውን በበርሜል ሞልቼ በጋሪ ወደ ከተማው ፍሳሽ መድፊያ አስወሰድኩ። ለወረዳው ሌላ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ የፊተኛው ስሕተት እንደነበር፣ ብክለቱ ከራሴ ቤት እንደመጣ። የወረዳው ልጅ አንብቦት ወደ እኔ ቀና አለና "ጋሼ፣ ገና አላገገሙም መሰለኝ። መሬቱ እኮ ለልማት ገብቷል" ብሎ መለሰልኝ። የጫልቱም ማመልከቻ መልስ አላገኘም። ማሳው ላይ የተተከሉት ችግኞች ውሃ የሚያጠጣቸው ጠፍቶ ክረምቱ ሳይገባ ደረቁ። ጫልቱ የቃሊቲ ማረሚያ ቤት በር አካባቢ ለጠያቂዎች ሳሙናና ሶፍት መሸጥ ጀመረች።

አስካለ ሁሉንም ታውቃለች። አንድ ቀን ጠዋት ጫማዋን እያደረገች ለብቻዋ ወደ ቤተ ክርስቲያን ልትሄድ ስትል "ሕመምህን አስታምሜያለሁ" አለችኝ። "ይሄን ግን አላስታምምልህም። ወይ ንገራት ወይ እኔ እነግራታለሁ።" በሠላሳ ዓመት ትዳር እንዲያ ተናግራኝ አታውቅም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት ለሌላ ሰው ስንት ጊዜ ተርቼዋለሁ።

ከዕድራችን ሁለት ሽማግሌዎች ይዤ ግንቦት ማለቂያ ላይ ጫልቱ ቤት ሄድኩ። ባሏም ነበረ። ሽማግሌዎቹ "ታደሰ የሚናገረው አለ" አሉ። ተናገርኩ። ደብዳቤውን፣ ቱቦውን፣ ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኜ ደግ አደረጉ ማለቴን ጭምር። ባሏ ተነስቶ ወደ ውጪ ወጣ።

ጫልቱ ቀና ብላ "ማመልከቻውን ሲጽፉልኝ ያውቁ ነበር?" አለችኝ።

"አውቅ ነበር።"

"ስመርቅዎትስ?"

"ያን ጊዜም።"

እንባዋ መጣ፤ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። አንደኛው ሽማግሌ ስለ እግዚአብሔር እያለ ለመናት። ባሏን ከደጅ መልሰው አምጥተው አስቀመጡት። በመጨረሻ ጫልቱ "ለእግዜር ብዬ ትቼዋለሁ" አለች፤ ተነስቼ ጉልበቷን ልይዝ ስል "ኧረ አይገባም፣ አባቴ ይሆናሉ" ብላ ያዘችኝ።

የታረቀ ሰው አብሮ ይበላል። ጓዳ ገብታ ትሪ ይዛ ወጣች፤ ጎመንና አይብ ነው። ጎመኑ በደንብ የበሰለ ነው፤ የበሰለ ምን እንደማያደርግ ሐኪሟ በግልጽ ነግራኛለች። ሽማግሌዎቹ ባረኩና ጀመሩ። እኔም ቆረስኩ፤ ግን እጄ ጎመኑ ላይ ስትደርስ ቆመች። ለአንድ አፍታ ነው፤ ሌላ ሰው ያየ አይመስለኝም። እርሷ አየችኝ።

"ይብሉ ጋሼ፣ አይፍሩ" አለችኝ ቀስ ብላ። "ከገበያ የተገዛ ነው። የእኔማ የት አለና?"

አጎንብሼ በላሁ። ስመለስ እስከ ቤቴ አብሮኝ የመጣው ሽማግሌ "ጎሽ፣ ነገሩ በሰላም አለቀ" አለኝ። አዎ አልኩት።